ገጽ ሰባት

እናቴ የሞተችው ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብላ ነው እያልኩ ሠላሳ ዓመት ተቀየምኳት። ሙት ይወቀሳል? እኔ ወቅሻለሁ። ልጄን የወለድኩ ቀን አዋላጇ «እናትሽ አትመጣም?» ስትለኝ፣ «ሥራ ይዛለች፤ የሆነ ቦታ ፊደል እየለቀመች ነው» አልኳት። አዋላጇ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ከምጡ ይሁን ከንዴቱ እንጃ።

አራሚ ነበረች። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለ ማተሚያ ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነገ የሚታተመውን ሁሉ ዛሬ በቀይ ብዕር ታነባለች። የተማሪ መጽሐፍ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ ምን የማይመጣ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ሲጮኽ ጠረጴዛዋ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ ግን ንቅንቅ አይልም። የሥራ ባልደረቦቿ «ቀይ ብዕር» ነበር የሚሏት። ቤት ስትገባም አመሉ አይለቃትም። አስተማሪዬ ሰርተፍኬቴ ላይ «ጎበዝና ጨዋ ልጅ ናት» ብላ ጽፋ አራት ነጥቡን ብትረሳው፣ እናቴ ነጥቡን ጨምራ፣ ከጎኑ ፈርማ መለሰችላት። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። «ይቺን ሴትዮ ሞት ራሱ ደብዳቤ ይዞ ቢመጣባት፣ መጀመሪያ ስህተቱን ለቅማ ነው የምትመልሰው» እያለ ይስቅባት ነበር። ያኔ ይስቅ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ ግራ ጎኗ ማበጥ ጀመረ። ከታጠበች በኋላ ገላዋን እስኪቀላ ታካለች፤ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች፤ ሁለት ጉርሻ ሳትበላ ጠገብኩ ትላለች። የጎረቤት ሴቶች ሆዷን አይተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁና በራሴ ደመርኩት። እህት ሊመጣልኝ ነው! ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አወራሁ። አንዷ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቁማ «እንኳን ደስ ያለሽ! ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት። እናቴ ጎኗን ቁልቁል አየችና «ይሄ? ይሄ እንኳን ስም የሚወጣለት አይደለም» አለች። እኔ ደግሞ ስም ላይ እንዳልተስማሙ ገባኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስም ስመርጥ ከረምኩ።

ያበጠው ጣፊያዋ ነበር።

ሆስፒታል የሄድነው ማክሰኞ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ዶክተሩ ረጅም ሰው ነው፤ የጋዋኑ ኪስ ላይ ሦስት ብዕር ሰክቷል። በልጅነቴ «አሉ፣ መጡ፣ ሄዱ» እያልኩ ነበር የማስበው። አሁን አንቱታው ከአፌ አይወጣልኝም።

«በሽታው መቅኔ ውስጥ ነው» አለ፤ አጥንት መሳይ ነገር በወረቀት ላይ እየሣለ። «ደም የሚሠራው መቅኔ እየጠነከረ፣ ጠባሳ እየሆነ ነው። እሱ ሲደክም ጣፊያ ሥራውን ልታግዘው ትሞክራለች፤ ለዚህ ነው ያበጠችው። የደም ካንሰር ነው። ግን ብዙ ሰው የሚይዝ ዓይነት አይደለም። ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ቢገኝ ነው።»

«ዕድለኛ ነኛ» አለች እናቴ።

አባቴ አልሳቀም። «መድኃኒቱስ?» አለ።

ዶክተሩ በጣቱ ቆጠረ። አንደኛው የዱሮው ክኒን ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ጣፊያውን ያጎድልለታል፤ ለአንዳንዱ ምንም አያደርግለትም። ሁለተኛው ከሌላ ሰው መቅኔ መውሰድ ነው፤ እሱ ግን እዚህ አይሠራም፤ ቢሠራም እናቴ ወንድምም እህትም የላትም። ሦስተኛው ጥናት ነው። አዲስ ክኒን መጥቷል። በጥናቱ የሚገባ ሰው ከሁለት ምድብ በአንዱ ይመደባል፤ ገሚሱ የዱሮውን ይወስዳል፣ ገሚሱ አዲሱን።

«ማን ነው የሚመድበው?» አለች።

«ዕጣ ነው። ኮምፒዩተር ያወጣዋል።»

ዕጣ! እኔ የማውቀው ዕጣ የትምህርት ቤት በዓል ላይ የሚወጣው ነው፤ ኳስ ወይም ዣንጥላ የሚያስገኘው። ወንበሬ ላይ ሆኜ እግሬን ማወዛወዝ ጀመርኩ።

የስምምነት ወረቀቱ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። «ሌሎቹ መጨረሻው ላይ ይፈርማሉ» አለ ዶክተሩ፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ከሦስቱ ብዕሮች አንዱን እያቀበላት። እናቴ ብዕሩን መለሰችለት፤ ከቦርሳዋ የራሷን ቀይ አወጣች፤ ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለበጠችና ማንበብ ጀመረች። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ወጣ፤ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። አባቴ «እባክሽ» አላት። አልሰማችውም። ስታነብ አትሰማም።

ገጽ ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ መስመር በቀይ ከበበች። ዶክተሩ ሲመለስ ወረቀቱን አዙራ ዘረጋችለት።

«ይሄ መስመር ስህተት ነው። ይታረም፤ ያኔ እፈርማለሁ።»

ስህተት። ይቺን ቃል ነው እኔ ይዤ የወጣሁት። ጥናቱን የምታስተባብረው ነርስ፣ ሁላችንም «ሲስተር» የምንላት፣ ክርክሩን ልጅ እንዳይሰማ ብላ እጄን ይዛ ወደ መተላለፊያው አወጣችኝና ከኪሷ ከረሜላ ሰጥታኝ ተመልሳ ገባች። በሩ ሲዘጋ የእናቴ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እኔ ምን ጨነቀኝ? እናቴ ስህተት አግኝታለች። እናቴ ሁልጊዜም ስህተት ታገኛለች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ማክሰኞዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። በዚያ በሽታ የሚታከሙት ሰዎች ቀናቸው ማክሰኞ ነው፤ ከነእናቴ ስድስት ነበሩ። እናቴ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዛወረች፣ ወረቀት እየገለጠች፣ «ገጽ ሰባትን አይታችኋል?» ትላለች። አንዱ ሳያነብ ሊፈርም ያሰበ ነው፤ አንዷ የዐይኗ ነገር ሆኖ ማንበብ የማትችል ጡረተኛ አስተማሪ ናት። እናቴ ታነብላቸዋለች። ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። ሰው በፊደል ግድፈት ይሄን ያህል ይናደዳል እንዴ እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስቱም ቤታችን መጡ። ወንበር አልበቃ ብሎ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም አንድ ጎናቸው አብጧል፤ ሁሉም ሻይ ይወዳሉ፤ ዳቦ ግን ቆርሰው ይተዉታል። ከሁሉም የወደድኩት ፀጉር አስተካካዩን ነው። ከመቀመጡ በፊት ግንባሬ ላይ የተንዠረገገውን ፀጉር አይቶ «ማነው ይቺን ልጅ በጥርሱ የቆረጣት?» ብሎ በእናቴ የልብስ መቀስ አስተካከለልኝ። ከዚያ እናቴ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረች።

«እኛ ካልፈረምን ጥናቱ አይጀመርም» አለች። «በሽታው ብርቅ ነው። ሌላ ስድስት ሰው ከየት ያመጣሉ? ለመጀመሪያ ጊዜ ብርቅ መሆናችን ጠቀመን።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ «እኛ ግን እህቴ፣ ብል የበላን ድር ነን።»

ሁሉም ሳቁ። ስድስቱም ፈረሙ፤ ደብዳቤው ጥናቱን ወደሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተላከ። እኔ የፊደል ማኅበር የተቋቋመ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ጨበጥኩ።

ሳምንታት አለፉ። እናቴ ደረጃ ለመውጣት አንድ ጊዜ የምትቆመው ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ሆነ። የዱሮውን ክኒን ለብቻው ጀምራ እንዳትጠብቅ፣ እሱን የጀመረ ሰው ጥናቱ አይቀበለውም። ማተሚያ ቤቱ ረቂቆቹን ቤት ድረስ ይልክላት ጀመር። አልጋ ላይ ሆና፣ ትራስ ጎኗ ላይ ደግፋ ታርማለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴን ድምፅ ከደጅ ሰማሁት። አባቴ ጮኾ አያውቅም። በአውቶቡሱ ላይ የሰከረ ሰው ሲሰድበው እንኳ «ይቀመጡ ጌታዬ» የሚል ሰው ነው።

«አንድ መስመር ነው! አንድ መስመር! ፈርሚና እንገላገል!»

«የሞት ፍርድም አንድ መስመር ነው።»

«አዲሱ ቢደርስሽስ? ገሚሱ አዲሱን ነው የሚያገኘው አላሉም? መስመሩ አይነካሽም እኮ!»

«የዱሮው ቢደርሰኝስ?»

የሆነ ነገር ወለል ላይ ተሰበረ። ጫማዬን እንዳጠለቅኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ መስመር ነው። እናቴ እየታመመች ነው። መስመሩ ስህተት አለበት። ታዲያ እኔ ማንበብ አልችልም? በክፍሌ በጽሕፈት አንደኛ አይደለሁም?

በማግስቱ እናቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ወረቀቱን ከመሳቢያው፣ ቀዩን ብዕር ከትራሷ ሥር አወጣሁ። ገጽ ሰባትን ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ፊደል በፊደል ፈተሽኩት። ፊደሉ ሁሉ ልክ ነው። ደግሜ አየሁት። በሦስተኛው አገኘሁት፤ ነጠላ ሰረዝ መኖር ያለበት ቦታ ላይ የለም! ከ«ቢባባስም» ቀጥሎ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ ሁለቱን ነጥብና ሰረዟን አሳምሬ አስገባሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ፊርማዋን ፈረምኩላት። ፊርማዋን ከሰርተፍኬቴ ላይ አጥንቼው ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንደ ጅራት ወደ ላይ ይጠቀለላል።

አውቶቡስ ተሳፍሬ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ሾፌሩ የአባቴ ጓደኛ ስለነበር «ወዴት ነው እመቤት?» ቢለኝ፣ «እናቴን ላድን» አልኩት። ሳቀ። ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማውን አየች፤ እኔን አየች፤ ጋዋኗን አውልቃ ቦርሳዋን አነሳች። «ነይ» አለችኝ። ራሷ ቤት አመጣችኝ።

እናቴ ወረቀቱን አየችው። ከአልጋው ተነሳች። በዚያ ጊዜ ሰው ሳይደግፋት መነሳት ትታ ነበር። ተነሳችና በጥፊ መታችኝ። ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልመታችኝም።

«ምን እንደፈረምሽ ታውቂያለሽ?»

«አስተካክዬዋለሁ» አልኩ፤ እያለቀስኩ። «ስህተቱን አስተካክዬዋለሁ!»

«አንብቢው።»

«እማዬ…»

«ጮክ ብለሽ አንብቢው አልኩ!»

አነበብኩ። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። «በመጀመሪያው ምድብ የተመደበ ተሳታፊ ሕመሙ ቢባባስም፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ወደ ሁለተኛው ምድብ አይዛወርም።»

«ምን ማለት ነው?»

«አይዛወርም ማለት…» አሰብኩ። «ሌላ ክፍል አይገባም ማለት ነው። ተማሪ ክፍል እንደሚቀይረው።»

አፏን በእጇ ያዘች። ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞረች። እናቴ ቀስ ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠችና «አድገሽ ይገባሻል» አለችኝ።

አድገሽ ይገባሻል! ስንት ልጅ በዚህ ቃል ተቀብሯል? ያን ዕለት ሁለት ደቂቃ ወስዳ ብታስረዳኝ ምን ነበረበት? ልጅ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። የዱሮው ክኒን የደረሰው ሰው፣ ክኒኑ ባይሠራለት፣ አዲሱ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እያየው ይሙት ማለት ነው ብትለኝ ይገባኝ ነበር። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ስህተቱን አርሜላት እንኳ አልፈርምም አለች። እሷ ራሷ ካላረመችው አይሆንላትም። ከእኔ ይልቅ ቀይ ብዕሯን ትወዳለች። ካደግኩ በኋላም መስመሩን በቃሌ ይዤ ትርጉሙን አንድ ቀን አልመረመርኩም፤ ቂሜ በቅቶኝ ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት ፀጉር አስተካካዩ ሞተ። እኔ ያወቅኩት ባለቤቱ መጥታ በራችንን በሁለት እጇ ስትደበድብ ነው። ጫማዋ የተለያየ ነበር፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡኒ። ዐይኔን እሱ ላይ ተክዬ ቀረሁ።

«ሊፈርም ነበር!» እያለች ትጮኻለች። «ብዕሩን ይዞ ነበር! አንቺ ነሽ ያስቆምሽው! አንቺና ወረቀትሽ! ገደልሽው፤ ሰማሽ? ገደልሽው!»

እናቴ በሩ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር። አልተከራከረችም። «አዎ» አለች። «አዎ፣ እህቴ።» ሴትየዋ ምራቋን እናቴ እግር ሥር ተፋችና ሄደች። እናቴ እንደቆመች ቀረች። ጨርቅ አምጥቼ ልጠርገው ስል «ተዪው» አለችኝ።

ያን ቀን እናቴ ሰው ገዳይ መሆኗን አመንኩ። ራሷ «አዎ» ብላለች።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሲስተር እየሮጠች መጣች። አዲስ ወረቀት ይዛለች። እናቴ አሥራ ሁለቱንም ገጽ እንደገና አነበበች፤ አባቴ ግድግዳውን በጡጫ እየመታ ይጠብቃታል። «አይዛወርም» የሚለው «ይዛወራል» ሆኗል። ፈረመች። ዕጣው ወጣ፤ የዱሮው ክኒን ደረሳት። ሦስት ወር ወሰደች፤ ምንም አልፈየደላትም። ራሷ ባሳረመችው መስመር ወደ አዲሱ ተዛወረች። በአራት ሳምንት ውስጥ ጣፊያዋ አራት ጣት ያህል ጎደለ፤ አንድ ጠዋት ሙሉ ዳቦ በላች፤ አባቴ ቆሞ ሲያያት እንባው ሻዩ ውስጥ ጠብ ሲል አየሁ። ከዚያ ጉንፋን ያዛት። ሌላ ሰው ሦስት ቀን ተኝቶ የሚነሳበት ጉንፋን ነው። የእሷ ደም ግን የሚዋጋበት አቅም ተሟጥጦ ነበር። ወደ ሳንባዋ ወረደ፤ ዘጠኝ ቀን ቆየች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሲወጣ አባቴ ብርጭቆ እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብላ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። የጨመረው ሠላሳ ዓመት ዝምታ ነው።

አሁን እኔ አርባ አንድ ሆኖኛል፤ ከእናቴ በሦስት ዓመት እበልጣለሁ። መነጽር ቤት አለኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት አሮጊት መነጽር ልታሠራ መጣች። ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል እያስነበብኩ ሌንስ ስቀያይርላት፣ ፊቴን ትክ ብላ አየችና «የቀይ ብዕር ልጅ አይደለሽም?» አለች።

ሲስተር ነበረች።

በማግስቱ ወፍራም ፖስታ ይዛ ተመለሰች። «ጡረታ ስወጣ ኮፒ አድርጌ ያወጣሁት ነው። አይፈቀድም ነበር» አለችኝ። «የማን እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። የአንቺ ነው።» ሱቁን ዘጋሁ። ከፖስታው ውስጥ መጀመሪያ የወጣው ስድስቱ የፈረሙበት ደብዳቤ ነው፤ የእናቴ የእጅ ጽሑፍ። «የአዲሱ መድኃኒት ጥቅም በእርግጠኝነት እንዲታወቅ የዱሮውን የሚወስዱት መዛወር የለባቸውም ብለውናል» ይላል። «ይህን ለማወቅ ከእኛ ስንታችን መሞት እንዳለብን በየትኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ ይነገረን።» ሲስተር አጠገቤ ተቀምጣ የቀረውን በቃሏ ሞላችልኝ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ዶክተሩ ምን እንዳለ፣ እናቴ ምን እንደመለሰች። ዶክተሩ «ከቀላቀልናቸው ውጤቱ ይደበላለቃል» ብሎ ነበር። እናቴ «እኔ ውጤት አይደለሁም» አለችው።

ቀጥሎ የጥናቱ የመጨረሻ ሪፖርት ነው። ጥናቱ በቀጠለባቸው ዓመታት ከዱሮው ወደ አዲሱ የተዛወሩት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ አሥራ አንዱ በሕይወት ነበሩ። ጡረተኛዋ አስተማሪ ከእነሱ አንዷ ናት። የእናቴ ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በሂደቱ የዝውውር አንቀጹ ማሻሻያ ተደርጎበታል።» ተደርጎበታል! ማን አደረገው? ነፋስ? ደሜ ፈላ። እናቴ ብታየው ቀይ ብዕሯን አውጥታ «አድራጊው የታለ?» ብላ ትጽፍበት ነበር።

ይኮራ ነበር ሌላ ልጅ ቢሆን። እኔ አልኮራሁም። ሌላ ንዴት መጣብኝ፤ ከፊተኛው የባሰ። ነጠላ ሰረዝ አልነበረም፤ እሺ። ታዲያ ለማላውቃቸው አሥራ አንድ ሰዎች ብላ ነው የተወችኝ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ሄድኩ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ እምቢ ካለው ቆይቷል፤ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

«ይሄን ታውቅ ነበር?»

መነጽሩን አድርጎ ጥቂት አነበበ። አልጨረሰውም። «አውቃለሁ» አለ።

«አውቃለሁ? ታዲያ ለምን ነጠላ ሰረዝ አልከኝ? ሠላሳ ዓመት አባዬ! ሠላሳ ዓመት እናቴን እንደ እብድ…»

«ምን ልበልሽ ኖሯል?» ድምፁ ከእኔ ብሶ ወጣ። «አሥር ዓመትሽ ነው። ለሰው ብላ ሞተች ብልሽ፣ ‹እኔስ ሰው አይደለሁም?› ብትዪኝ ምን እመልሳለሁ? ነጠላ ሰረዟን አንቺው ራስሽ ነሽ ያመጣሻት። ያንቺን ተበደርኩ። ትንሽ ነገር ላይ ብትቀየሚ ይቀልሻል ብዬ ነው።»

«አልቀለለኝም።»

«እኔንም አልቀለለኝም።»

ውጭ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፤ ኳሱ ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል።

«ደግሞ ለሰው ብላ አይደለም» አለ ቆይቶ። «ፀጉር አስተካካዩ የሞተ ሰሞን ጠየቅኳት። ‹ልጅሽን እንዴት ጨከንሽባት?› አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሳምንት አይፈጅም ብዬ ነው።› አየሽ? ሳምንት። ደብዳቤው ግልጽ ነው፣ ማንም ሰው አንብቦ እሺ ይላል፣ በሳምንቱ ያርሙታል፣ ፈርሜ እድናለሁ ብላ ነው። ልትሞት አስባ አታውቅም። አንቺን ልታሳድግ ነበር ያሰበችው። መኖር ነበር የፈለገችው፤ ግን ሳትታለል።»

ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተላቀቀ፤ ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። «ታዲያ ሳምንቱ ለምን አሥራ አንድ ሳምንት ሆነ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ተከራክረውበት ይሆናላ። የተማሩ ሰዎች ናቸው።»

ከፖስታው የመጨረሻዎቹን ሦስት ወረቀቶች አወጣሁ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤዎች ናቸው። ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት አሉት፤ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ አምስት ሰው ካልተገኘ አይወስንም። በመጀመሪያው ወር አራት ሰው መጣ፦ «ምልአተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ወደሚቀጥለው ተላልፏል።» በሁለተኛውም ወር አራት፦ «ተላልፏል።» ፀጉር አስተካካዩ የሞተው ከዚህኛው ስብሰባ አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በሦስተኛው ወር ስድስት ሰው ተገኘ። የሐሳቡ ተገቢነት ግልጽ ስለሆነ ውይይት ሳያስፈልግ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ይላል። ስብሰባው የተከፈተበትና አጀንዳው ያለቀበት ሰዓት ከጎኑ ተጽፏል። አሥር ደቂቃ።

አባቴ ሦስቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ደርድሮ አነበበ። እሱ እንደ እናቴ አንባቢ አይደለም፤ በጣቱ እየተከተለ ነው። ሲጨርስ ቀና አለ።

«አልተከራከሩም?»

«አልተከራከሩም።»

«አልተቃወማትም፣ አንድም ሰው?»

«አንድም።»

«ታዲያ ለምን ቀሩ?»

«አይልም» አልኩት። «‹አልተገኙም› ነው የሚለው።»

አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ሠላሳ ዓመት እሷን ነው የተቆጣው፤ ሠላሳ ዓመት እኔም እሷን። እሷም እስክትሞት ራሷን። እነዚያ የቀሩት ሰዎች ያን ቀን ራሳቸውን አሟቸው ይሆናል፤ ሠርግ ሄደው ይሆናል፤ ዝናብ ይዟቸው ይሆናል። ማንም አልጠየቃቸውም።

«ስማቸው አለ?»

«ያልተገኙት ስም ከታች ተዘርዝሯል።»

ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቱ አለፈባቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«ቢሮአቸው የት ነው?»

«እሑድ ነው አባዬ። ደግሞ ስንቱ በሕይወት እንዳለ እንኳ አናውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉን።»

«ይበሉና!» አለ፤ አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ። «ውሻው ጅቡን ያየው ዛሬ ነው።»

ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት የቢሮው ደጃፍ ላይ ቆመን ነበር። እሱ ከረባት አድርጓል፤ እኔ ሱቄን አልከፈትኩም። ዘበኛው ከእግር እስከ ራሳችን አየንና «ቀጠሮአችሁ ከማን ጋር ነው?» አለን።

አባቴ ወረቀቱን ዘረጋ፤ መነጽሩን አስተካከለ፤ የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብሎ አነበበ።